የእጮኛ ቪዛ አመጣጥ
ኬ-1 የሚባለው የእጮኛ ቪዛ፣ ማለትም የአሜሪካ ዜጋ ያጨውን የውጭ አገር ሰው በ90 ቀናት ውስጥ ሊጋቡ የሚያስገባበት ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ቢደነገግም፣ መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ወታደሮች እጮኞቻቸውን እንዲያስመጡ የፈቀደው የ1946 ሕግ ነው። በ1986 የሐሰት ጋብቻን ለመከላከል የወጣው ማሻሻያ እጮኛሞቹ ከማመልከታቸው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት በአካል መገናኘታቸውን ግዴታ ስላደረገ፣ ፍቅር በኢንተርኔት በሚጀመርበት በዛሬው ዘመንም የአውሮፕላን ቲኬት፣ በፓስፖርት ላይ የተመታ ማኅተምና አብረው የተነሱት ፎቶግራፍ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛሉ።

በ2000 በጋብቻ አገናኝ ድርጅት በኩል ከኪርጊስታን የመጣች የ20 ዓመት ወጣት በባሏ ተገደለች፤ የቀድሞ ሚስቱ በፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ አስወጥታበት የነበረ ቢሆንም፣ ይህን ለሟቿ አስቀድሞ እንዲነግራት የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ኮንግረሱ በ2005 ያጸደቀው ሕግ አመልካቹ የተፈረደበትን የኃይል ወንጀል እንዲያሳውቅ፣ መረጃውም ለእጮኛዋ እንዲደርሳት አዘዘ፤ ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ከማሻሻያዎቹ ሁሉ እጅግ አስፈላጊው ይኸው ነው።