የጎርፉ ትዕይንትና የቆቦ ተመልካች፦ በሪቻርድስ «አራተኛ እንቅፋት» ላይ የቀረበ ተቃውሞ

የአንባቢ የግል ሕይወት በልብ ወለድ ስሜቱ ላይ ስላለው ድርሻ ብዙ ተጽፏል። ሉዊዝ ሮዘንብላት በ1938፣ ኖርማን ሆላንድ በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጉዳዩን በሚገባ አንስተውታል፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሃያሲው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ጋር ነው።

ሪቻርድስ የደራሲ ስም የሌላቸውን ግጥሞች ለካምብሪጅ ተማሪዎች አድሎ የሰጡትን አስተያየት ሰበሰበ፤ በ1929ም «ፕራክቲካል ክሪቲሲዝም» በሚል ርእስ አሳተመው። ለንባብ እንቅፋት ናቸው ካላቸው ዐሥር ነገሮች አራተኛው የግል ትዝታ ጣልቃ መግባት ነው። ትዝታው ከግጥሙ ጋር ምንም ላያገናኘው ይችላል ይላል። የሚገናኘውን ከማይገናኘው መለየት ቀላል እንዳልሆነ እዚያው ያምናል፤ ወዲያው ደግሞ አንዳንዱን እንዲህ ያለ ስሕተት ለይቶ ማወቅ እጅግ ከሚቀልሉት ነገሮች አንዱ ነው ይለናል። ያ «አንዳንዱ» ከቀረው በምን እንደሚለይ ግን እዚያ አያስረዳም። መለኪያው ሳይበጅ ፍርዱ ተሰጠ፤ ፈራጁም የራሱን ትዝታ ከችሎቱ ውጭ አስቀመጠ።

ትዝታ ሁልጊዜ እንቅፋት እንዳልሆነ ለማየት የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (1976) እንውሰድ። የጭሰኛው ልጅ የባለርስቱን ላም ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ትሞታለች። የከተማ ተመልካች ደራሽ ውኃ ሲያይ የሚጠብቀው ጥፋት ብቻ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሜዳው ጠብታ ሳይወርድ የሆርማት ወይም የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ገበሬው አፈር፣ ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ ከምሮ በሠራው ክትር ጎርፉን ይጠልፍና ወደ ማሽላው ይመራዋል፤ ውኃው ደለልም ይዞለት ይመጣል። ሲበረታ ደግሞ ክትሩን ጥሶ ማሳውን አሸዋ ያለብሰዋል፣ ከብትም ይወስዳል። እንግዲህ ይህ ተመልካች ውኃው ሲመጣ ጉጉትና ፍርሃት አንድ ላይ ነው የሚይዙት። ልጅቱ ለምን ላሟን ትታ አልሮጠችም ብሎም አይጠይቅም። ጎርፍን በጠላትነት ብቻ ስለማያውቀው ቁጣው ውኃው ላይ አይቀርም፤ ላሟ የማን ናት ወደሚለው ይሻገራል። ፊልሙ ተመልካቹን ሊያደርስ የፈለገውም እዚያው ነው።

ይህ የአካባቢ ዕውቀት እንጂ የግል ትዝታ አይደለም የሚል ይኖራል። ዕውቀቱ ግን ለቆቦው ሰው በልጅነቱ ክትር ጥገና ላይ ድንጋይ ሲያቀብል የገባው ነው፤ ልዩነቱ ለክርክር ያህል ካልሆነ አይረባም። ከአንድ ፊልም ሕግ እንደማይወጣ፣ ፊልምም ግጥም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጠንከር ያለው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ ወንድሙን ጎርፍ የወሰደበት ሰው ትዕይንቱን አይቶ መጨረስ ላይችል ይችላል። እቀበላለሁ። ይህ ግን ለሪቻርድስ ምስክር አይሆነውም፤ ሰውየው ፊቱን ያዞረው ትዕይንቱ ምን እንደሚያሳይ ከማንም በላይ ስለገባው ነው።