ሰዋስው ማለት መሰላል ነው

«ሖረ ሄደ፤ የሐውር ይሄዳል፤ ይሑር ይሄድ ዘንድ፤ ይሑር ይሂድ።»

ይህን የተማርሁት ጎጃም ውስጥ፣ ከአንድ የቅኔ መምህር እግር ሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ በከተማ ትምህርት ቤት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እል ነበር። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው፤ መሄድ። ዜማውም ያው ነበር። ሳላስበው የእንግሊዝኛውን ግስ በግእዙ ዜማ ስለማወርደው የከተማ ልጆች ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ 36 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «መምህር፣ ቃላት ቶሎ የሚያዘው እንዴት ነው?» መልሱን የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ያገኘሁት ግን ቀድሞ ካለፍሁበት ቤት ነው። እኛ የባዕድ ቃል በቃል መያዝ የጀመርነው በእንግሊዝኛ አይደለም። በእንግሊዝኛ ጊዜ ያደረግነው አንድ ነገር ቢኖር የነበረንን ጥበብ ግማሹን ይዘን ግማሹን መጣል ነው።

«ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ነው። የቃላትና የአገባብ ትምህርት ስለምን በመሰላል ተሰየመ ያልን እንደሆነ ነገሩ ወደ ግብጽ ይወስደናል። የግብጽ ክርስቲያኖች ዓረብኛ እየበረታባቸው ሲሄድ የአባቶቻቸው ቋንቋ ቅብጥኛ ከአፋቸው ጠፍቶ በቅዳሴ ብቻ ቀረ። ልጆቻቸው የሚጸልዩበትን ቃል እንዲያውቁ ሊቃውንቱ የቅብጡን ቃል ከዓረብኛ ፍቺው ጋር ጎን ለጎን ደረደሩት፤ መጽሐፉንም «ሱለም»፣ ማለትም መሰላል አሉት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዲህ ያሉ መሰላሎች በርከት ብለው ተጽፈዋል። በእኛም አገር ግእዝ ከገበያና ከእልፍኝ ወጥቶ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ በሆነ ጊዜ ሊቃውንቱ የግእዙን ቃል ከአማርኛ ፍቺው ጋር አሰለፉት። ስሙንም መሰላል አሉት። ምሁራን መጠሪያው ከግብጾቹ እንደተወረሰ ይናገራሉ። ነገሩን ሳስበው ስሙ ልክ ነው እላለሁ። መሰላል ለመውጣት እንጂ አቅፈውት ለመቀመጥ አይሠራም።

በእኛ ጉባኤ ግስ የሚነገረን ማታ ነበር። ከእኛ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር በጨለማ ቃሉን ይጥልልናል፤ እኛ እየተቀበልን እንመልሳለን። መብራት የለም፤ መጽሐፍ የለም፤ ያለው ጆሮና አፍ ብቻ ነው። «ነበረ ተቀመጠ፤ ኀደረ አደረ፤ አፍቀረ ወደደ…» መድረሻቸው የሚገጥም ቃላት ተከታትለው ስለሚመጡ አንዱ ሌላውን እየሳበ ያወጣው ነበር። ጎህ ሳይቀድ እንደገና እናነሣዋለን። ረፋዱ ላይ አኩፋዳችንን አንግተን ለቁራሽ ስንወጣ፣ ከመንደር መንደር ባለው መንገድ ባልንጀራዬ ይጠይቀኛል። «አፍቀረ?» «ወደደ!» «ኀለየ?» «አሰበ!» ውሻ ካላቋረጠን በቀር «በእንተ ስማ ለማርያም» የምንልበት ደጃፍ እስክንደርስ ሠላሳ አርባ ቃል እናነሣለን። ማታ ደግሞ የትናንቱ ሳይጠየቅ የዛሬው አይነገርም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመምህርነት ሥልጠና ላይ ሳለሁ፣ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ስለተባለ ጀርመናዊ አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እያዘጋጀ፣ በራሱ አእምሮ ላይ እየሞከረ፣ ሰው የያዘውን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ ለካ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በአንድ ቀን 68 ጊዜ ደጋግሞ ያገኘውን ውጤት፣ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ሲከፋፍለው በ38 ብቻ አገኘው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ያን የልመና መንገድ አሰብሁ። ማታ፣ ንጋት፣ ረፋድ፣ እንደገና ማታ። እነዚያ የኔታዎች ሰንጠረዥ ሳይሠሩ መርሐ ግብሩን ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው ጥበብ እርባታው ነው። «ሖረ» ብቻውን አይያዝም። የሐውር፣ ይሑር፣ ይሑር ብሎ ከነቤተሰቡ ይያዛል። ከዚያም ስሙን፣ ቅጽሉን፣ አድራጊውን፣ ተደራጊውን ከአንዱ ሥር ማውጣት እንማራለን። አንድ ቃል የያዘ ልጅ እንዲህ ሲያረባው አሥር ይዞ ያድራል።

ሦስተኛው ግን የቤቱ ምሰሶ ነው። ማታ የሰማነውን ግስ ጠዋት ሜዳ ወጥተን፣ ደበሏችንን ተከናንበን፣ ቅኔ እንቆጥርበታለን። ጀማሪው የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሲበረታ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውንም በየኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ እርሳቸው ያርሙታል። ያን ጊዜ በትናንቱ ግስ ያልተጠቀመ ልጅ ግሱን አለመያዙ እዚያው ይታወቃል። እኔ መጀመሪያ የቆጠርኋት ጉባኤ ቃና አገባቧ ተሰናክሎ የኔታ ሦስት ጊዜ መለሷት። በዚያች ዕለት ያረሙኝን ግስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሌሊቱን ብቻ የሰማኋቸው ስንቶቹ ጠፍተዋል።

የዘመናዊው ትምህርት ታሪክ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ የመጡት ከግብጽ፣ ከዚያው የመሰላሉ መጽሐፍ ከወጣበት ከቅብጥ ክርስቲያኖች ወገን ነበር። ባሕር ማዶ መሻገሪያው ቋንቋ ያኔ በይበልጥ ፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛ ትልቅ ስፍራ ሰጥቶ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ግን የእንግሊዝ ተጽዕኖ በረታ፤ የትምህርቱም ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን እንግሊዝኛ ለሰባተኛና ከዚያ በላይ ላለው ቀረ። ይህ ለገጠር ልጅ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስተኛን ጨርሰህ ክረምት ታርፋለህ፤ መስከረም ላይ ጂኦግራፊውም፣ ሳይንሱም፣ ሒሳቡም በፈረንጅ አፍ ይጠብቅሃል። ቃላት ቶሎ መያዝ የትጋት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመቅረትና ያለመቅረት ጉዳይ ሆነ።

እኛም ያለንን መሣሪያ አነሣን። ደብተሩን በማስመሪያ ለሁለት ከፍለን በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ጻፍን። ማታ ማታ ኩራዝ የሌለው በመንገድ መብራት ሥር ቆሞ ይሸመድድ ነበር። ከእኔ ጋር ጎጆ የተከራየ አንድ ልጅ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ገጽ በገጽ ይይዝ ነበር፤ ስጠይቀው አንድም አይስትም። እኔም ከሺህ የማያንስ ቃል ነበረኝ።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ወደ ሦስት መቶ ገደማ ሆነው አገራችን ገብተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተበታትነው ነበር። ከእነርሱ ወዲህ ከመጡት አንዱ አስተማሪያችን ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት «ትናንት ምን ሠራህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ጥያቄው ገብቶኛል። ሄደ፣ በላ፣ አጠበ፣ ገዛ፣ ሁሉም በደብተሬ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። አፌ ግን አልተከፈተም። ያ መዝገበ ቃላት የሚይዘው ባልንጀራዬም ከእኔ ቀጥሎ ተጠይቆ ዝም አለ። ሁለታችንም በዚያ ቀን ስንፍናችን መስሎን ማታ ሌላ ሃምሳ ቃል ጨመርን።

ስንፍና እንዳልነበረ የገባኝ እኔ ራሴ ጠመኔ ከያዝሁ በኋላ ነው። ከቅኔ ቤት ወደ አስኳላ ስንሻገር ግሱን ተሸክመን ቅኔውን ሜዳ ላይ ትተነው ነበር። ሰው ሽምደዳን ሲያወግዝ እሰማለሁ፤ እኔ አላወግዘውም። የኔታም ያሸመድዱን ነበር። የጎደለው የጠዋቱ ሥራ ነው፤ የማታውን ቃል ይዞ ወደ ሜዳ መውጣት፣ በሁለት መስመር ራስን መናገር፣ ቀርቦ መታረም።

ስለዚህ በክፍሌ አንድ ሥርዐት አቆምሁ። በቀን አሥር ቃል፣ ከዚያ አይበልጥም። ቃላቱን የምመርጠው የታወቀውን የማይክል ዌስትን ዝርዝር እያየሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አዘውትረው የሚገኙ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላትን ይዟል። ጀማሪ መዝገበ ቃላቱን ከዳር ከሚጀምር እነዚህን ቢያስቀድም ድካሙ ይቀልለታል። ለፍቺ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ከጠረጴዛዬ ጠፍቶ አያውቅም። አሥሩ ቃል ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሲወጡ ይጠየቃል፤ በማግሥቱ ሲገቡ ይጠየቃል፤ አርብ ይጠየቃል። ለመጠየቅ የማቆመው ደግሞ ደከም ያለውን ተማሪ ነበር፤ ጠያቂ ከተጠያቂ የበለጠ ይይዛልና። ከዚያ ሁሉም ከአሥሩ በፈለገው ተጠቅሞ ሁለት መስመር ጽፎ ይመጣል። ስለ ቤቱ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ወንድሙ፤ ውሸት ቢሆንም ግድ የለኝም። ልጆቹ ይህን የቤት ሥራ «ጉባኤ ቃና» አሉት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

አልያዝ ላለ ቃል ደግሞ ሌላ መላ ነበረን፤ እርሱም ከቅኔ የመጣ ነው። የቅኔ ሰው ጆሮ አንድ ድምፅ ሁለት ፍቺ ሲሸከም ቶሎ ይሰማል፤ ኅብር የምንለው ይኸው ነው። እንግሊዞች የበግ ግልገልን «ላም» ይሉታል። እንግዲህ አንዲት ላም ግልገል ስታጠባ በዓይነ ኅሊናህ ሣላት፤ አትረሳውም። እግሮችን «ፊት» ይላሉ፤ በፊቱ የሚራመድ ሰው ሣል። መሠቃየት «ሳፈር» ነው፤ ከሰፈሩ ተነቅሎ የሚሠቃይ ሰው ሣል። እ.ኤ.አ. በ1975 አትኪንሰንና ሮው የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ መላ በ120 የሩስያ ቃላት ሞክረውት ነበር። በሦስት ቀን ትምህርት ውስጥ በዚህ መንገድ ያጠኑት 72 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ እንደወትሮው ያጠኑት ያስታወሱት 46 ከመቶ ነው። ልጆቼ ግን ቁጥሩን ሳይሰሙ ላሚቱን በደብተራቸው ኅዳግ ሥለዋት ነበር።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የልጅ ልጄ እንግሊዝኛ የምታጠናው በስልክ ነው። ስልኩ ቃል ያሳያታል፤ ካወቀችው ከቀናት በኋላ ይመልሰዋል፤ ከሳተችው ወዲያው ያመጣባታል። ይህም አዲስ አይደለም። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ክፍል ክፍል ባለው ሣጥን ውስጥ ካርድ እያሳለፉ ማጥናትን አስተምሯል፤ ስልኩ የሣጥኑ ልጅ ነው፤ ሣጥኑም ካላወቀው የልመና መንገዳችን ጋር ዘመድ ነው። በመጠየቁ ስልኩ ከእኔ ይበልጣል፤ አይደክምም፤ ቀን አይስትም። ስለዚህ እርሱን ለስልኩ ትቼ ማታ ማታ ሁለት መስመር ብቻ እጠይቃታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከደረሷት ቃላት አንዱ «ላደር» ነበር። «አባባ፣ መሰላል ማለት ነው፤ ይኼስ ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። የሰዋስውን ታሪክ ነገርኋት፤ የግብጾቹን፣ የየኔታን፣ የጨለማውን ግስ። ዝም ብላ ሰማችኝና ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ቆይታ ሁለት መስመር በእንግሊዝኛ ጽፋ አመጣችልኝ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፤ «መሰላሉ አጭር ነው። ወንድሜ ግን ረጅም ስለሆነ ደረሰ።»

አንድ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ጎድላት ነበር፤ እርሷን አረምሁላትና ደግማ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ የነገውን እንድታመጣ ነግሬያት ተኛን።