የሙሉዙ አዳራሽ፦ አሮጌ መኪናዎችና የባለቤትነት ጥያቄ

የሰው ልጅ ከእጁ ሥራ ጋር ያለው ዝምድና ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የጥቅም ዝምድና ነው። ማረሻ እስኪዶለዱም ይታረስበታል፤ ወፍጮ እስኪሳሳ ይፈጭበታል፤ ከዚያ ወዲያ ከደጅ ይጣላል። ሁለተኛው ዝምድና ግን ዕቃው ማገልገሉን ካቆመ በኋላ የሚጀምር ነው። የአያት ጋሻ ከምሰሶ ላይ የሚሰቀለው ጦር ሊመከትበት አይደለም፤ ያነገበው ክንድና የሠራው እጅ እንዳይረሱ ነው።

አውቶሞቢልም ከተፈጠረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው ወደዚህ ሁለተኛ ዝምድና ገባ። ያረጀ መኪና እያፈላለጉ የሚገዙ፣ የዛገውን ፈትተው የሚያጥቡ፣ የጎደለውን አሠርተው የሚሞሉ፣ ሞተሩ ዳግመኛ ሲነሣ እንደ ልጅ የሚደሰቱ ሰዎች በየአገሩ ተነሡ። ይህ ልማድ ብዙውን ጊዜ የቱጃሮች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ተደርጎ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልዛስ ምድር በምትገኘው በሙሉዝ ከተማ የደረሰው ነገር ከጨዋታ የሚያልፍ ጥያቄ አስነሥቷል። በአንድ ሰው ገንዘብ የተሰበሰበ፣ በብዙ ሠራተኞች እጅ የታደሰ፣ የአንድን ዘመን ጥበብ የተሸከመ ዕቃ የማን ነው? ታሪኩ ከሥር መሠረቱ ቢታይ ለጥያቄው መልስ መንገድ ይጠርጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የልማዱ አመጣጥ

በእንግሊዝ አገር በሞተር የሚነዳ ተሽከርካሪ ከሰው እርምጃ እምብዛም በማይፈጥን ፍጥነት እንዲጓዝ፣ ከፊቱም እግረኛ እንዲቀድመው የሚያስገድድ ሕግ ነበር። በ1896 ይህ ሕግ ተሽሮ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የአዲሱ ዘመን ወዳጆች ደስታቸውን ለመግለጽ ከለንደን ተነሥተው የባሕር ዳርቻ ከተማ እስከ ሆነችው ብራይተን ድረስ መኪናዎቻቸውን ነዱ።

በ1927 ያን ጉዞ ለማስታወስ እነዚያው ዐይነት መኪናዎች ከየጎተራው ወጥተው በዚያው መንገድ እንደገና ተነዱ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመኪና አሠራር እጅግ ስለ ተለወጠ፣ ቀድሞ የሥልጣኔ ምልክት የነበሩት ለተመልካቹ መሣቂያ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን ከሣቁ ውስጥ አክብሮት ተወለደ። በ1930 የጥንታዊ መኪናዎች ክበብ በብሪታንያ ተመሠረተ፤ በ1935 ደግሞ ተመሳሳይ ማኅበር በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ተቋቋመ። በ1953 ለሕዝብ የታየው «ጄኔቪቭ» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም የብራይተኑን ጉዞ ታሪክ አድርጎ በማቅረቡ ልማዱን ከጥቂቶች ክበብ አውጥቶ ለብዙኃኑ አስተዋወቀ። በ1966 የየአገሩን ክበቦች የሚያስተባብር ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተፈጠረ።

በእነዚህ ዐሥርት ዓመታት አንድ ዐቢይ ለውጥ ሳይታሰብ ተከናወነ። በመጀመሪያ አሮጌ መኪና በቁራሽ ብረት ዋጋ የሚገኝ ነበር፤ የሚያድነውም ትዕግሥትና የእጅ ሙያ ያለው ሰው ነበር። እያደር ግን ፍቅሩ ዋጋን ወለደ፤ ዋጋውም ባለ ገንዘብን ጠራ። ለሙሉዙ ታሪክ መነሻ የሆነው ይህ ለውጥ ነው።

የሞልሴሙ ጠቢብ

የሙሉዝ ስብስብ ልብ ቡጋቲ የተባለው መኪና ነው። ኤቶሬ ቡጋቲ በ1881 በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ ከኪነ ጥበብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ካርሎ በቤት ዕቃ ንድፍ፣ ወንድሙ ሬምብራንት በአራዊት ቅርጽ የታወቁ ነበሩ። ኤቶሬ ግን ጥበቡን በብረት ላይ አዋለው። በ1909 በአልዛስ ውስጥ በምትገኝ ሞልሴም በተባለች ትንሽ ከተማ ፋብሪካውን አቋቋመ። አካባቢው በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ሥር ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

በ1924 በሊዮን የእሽቅድምድም ውድድር ላይ የቀረበው 35ኛው ዐይነት መኪና፣ በቀላልነቱና በመስመሩ ንጽሕና የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ ኢንጂነሩንም ሠዓሊውንም ያስደንቃል። የቡጋቲ ምኞት ጫፍ ግን «ሩዋያል» ተብሎ የተጠራው ታላቅ መኪና ነበር። የሞተሩ መጠን 12.7 ሊትር ሲሆን፣ በራዲያተሩ አናት ላይ ከሬምብራንት ሥራ የተወሰደ በኋላ እግሮቹ የቆመ ዝሆን ተተክሎበት ነበር። መኪናው ለነገሥታት የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን በዓለም ላይ የኢኮኖሚ ድቀት በመድረሱ አንድም ንጉሥ አልገዛውም። የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ለደንበኛ የተሸጡትም ሦስት ብቻ። ለነገሥታት የተዘጋጀው ሞተር በመጨረሻ በባቡር ሐዲድ ላይ ተራውን ተጓዥ ሕዝብ ለማመላለስ ዋለ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ከጸሐፊ ተውኔት የበለጠ ምፀት ያውቃል።

የኤቶሬ ልጅና የፋብሪካው ንድፍ አውጪ ዣን በ1939 መኪና ሲሞክር በአደጋ ሞተ። አባትየውም በ1947 ዐረፈ። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ቀድሞ የነበረውን ክብር ሊመልስ አልቻለም፤ በ1963 ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ። የቡጋቲ መኪናዎች ወላጅ እንደ ሞተባቸው ልጆች በዓለም ተበትነው ቀሩ።

ሁለቱ ወንድማማቾች

ሐንስና ፍሪትዝ ሽሉምፍ በ1904ና በ1906 በኢጣልያ ተወልደው፣ የስዊስ ዜግነት ይዘው በሙሉዝ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። በ1935 የሱፍ ኩባንያ አቋቋሙ። ከጊዜ በኋላም ማልመርስፓክን፣ ኤርስታይንንና ሙሉዝን በመሳሰሉ ቦታዎች የነበሩትን የሱፍ መፍተያ ፋብሪካዎች ጠቅልለው ያዙ። ታናሽየው ፍሪትዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ባለ ቡጋቲ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ፍቅሩ ወደ ጽኑ ረኃብ ተለወጠ። በየአገሩ ለሚገኙ የቡጋቲ ባለቤቶች ደብዳቤ እየጻፈ መግዛት ጀመረ። በ1963 በሞልሴም ፋብሪካ የቀሩትን፣ ከእነዚህም መካከል የኤቶሬ የግል መኪና የነበረውን ባለ ግርማውን ሩዋያል ገዛ። በ1964 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የነበሩ 30 ቡጋቲዎችን በአንድ ጊዜ ወሰደ፤ በባቡርና በመርከብ ተጭነው ወደ አልዛስ መጡ። ከእነዚህም መካከል ሁለተኛው ሩዋያል ነበረ።

መኪናዎቹ የተሰበሰቡት በሙሉዝ በሚገኝ የቀድሞ የክር ፋብሪካ ውስጥ ነበር። 17,000 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ይህ አዳራሽ እንደ ከተማ በጎዳናዎች ተከፋፈለ። በጎዳናዎቹም ግራና ቀኝ በፓሪስ በሣልሳዊ አሌክሳንደር ድልድይ ላይ ያሉትን የሚመስሉ በመቶዎች የሚቈጠሩ የመብራት ምሰሶዎች ተተከሉ። ወንድማማቾቹ ስብስቡን ለእናታቸው ለዣን መታሰቢያ ሊያደርጉት አስበው ነበር። በሩ ግን እንደ ተቈለፈ ነበር። ከጥቂት እንግዶች በቀር ማንም አይገባም፤ በውስጡ የሚሠሩትም ያዩትን ለውጭ ሰው እንዳይናገሩ ግዴታ ገብተው ነበር።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ 40 ያህል ሙያተኞች ይሠሩ ነበር። መካኒኩ፣ አናጢው፣ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ሰፊው፣ ቀለም ቀቢው በአንድ ጣራ ሥር ተሰበሰቡ። አሮጌ መኪና ማደስ ቀለም መቀባት ብቻ እንዳልሆነ ሙያው ያለው ሁሉ ያውቃል። መኪናው እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፤ እያንዳንዱ አካል ታጥቦና ተለክቶ ይመዘገባል። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ይመሳከራሉ፤ ቁጥሩ የመኪናው የልደት ወረቀት ነውና። በዚያ ዘመን የብዙ መኪናዎች ቦዲ በእንጨት አጽም ላይ ላሜራ እየለበሰ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ እንጨቱ ሲበሰብስ አናጢው የሞተውን ባልደረባውን እጅ ተከትሎ እንደገና ይቀርጸዋል። በገበያ የማይገኝ መለዋወጫ በቶርኖ ይወጣል፤ ወይም ቅርጹ በአሸዋ ተነሥቶ የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። የተበላ ኩሽኔታ በነጭ ብረት ተሞልቶ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ልክ ይፋቃል። እንዲህ ያለው ሥራ ሠራተኛ ከሠራተኛ ጋር በዘመናት መካከል የሚያደርገው ውይይት ነው። በግዢው ደረሰኝ ላይ ግን የሚጻፈው የገዢው ስም ብቻ ነው።

በሩ ሲከፈት

በ1970ዎቹ የሰው ሠራሽ ክር መስፋፋትና የርካሽ ምርት ውድድር የአልዛስን የሱፍ ኢንዱስትሪ አናጋው። የሽሉምፍ ወንድማማቾች በ1976 ፋብሪካዎቻቸውን መሸጥ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በማልመርስፓክ ሠራተኞች ሲሰናበቱ አድማ ተነሣ፤ ወንድማማቾቹም ድንበር ተሻግረው ወደ ስዊስ ከተማ ወደ ባዝል ሸሹ።

መጋቢት 7 ቀን 1977 የሠራተኛ ማኅበሩ አባላት የተቈለፈውን አዳራሽ ከፍተው ገቡ። ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ የለም ሲባሉ የከረሙ ሰዎች፣ ከዐይናቸው ፊት በመቶዎች የሚቈጠሩ መኪናዎች በጌጠኛ መብራቶች ሥር ተሰልፈው አገኙ። የዚያን ቀን ስሜት ለመገመት ብዙ ምናብ አያስፈልግም። በቁጣቸውም አንድ ገና ያልታደሰ ትንሽ «ኦስቲን» አቃጠሉ።

የዚህ ታሪክ ዋና ነጥብ ግን ከእሳቱ በኋላ የሆነው ነው። ቁጣው ወደ ጥፋት አልሄደም። ሠራተኞቹ ቦታውን «የሠራተኞች ፋብሪካ» ብለው ሰይመው ለሁለት ዓመት ያህል ያዙት፤ ከቀረባቸው ደመወዝ ጥቂቱን ለማካካስ ሲሉም ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። በዚያ ጊዜ ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ገብቶ አየው። ለጥቂት እንግዶች ብቻ ይገለጥ የነበረው ሀብት የሕዝብ ዐይን ያረፈበት በአድማ ምክንያት ነው።

ባለዕዳ ጠያቂዎች መኪናዎቹ ተከፋፍለው እንዲሸጡ በፈለጉ ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት በ1978 ስብስቡን በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበ፤ በዚህም ከመበተንና ከአገር ከመውጣት ዳነ። አዳራሹ በ1979 ቢዘጋም፣ በ1981 የሙሉዝ ከተማና የአካባቢው አስተዳደሮች የተካተቱበት ማኅበር ስብስቡን ከነሕንፃው በ44 ሚሊዮን ፍራንክ ገዛው። በ1982 ክረምት ብሔራዊ የአውቶሞቢል ሙዚየም ሆኖ በይፋ ተከፈተ። ሐንስ በ1989፣ ፍሪትዝ በ1992 ዐረፉ። የሽሉምፍ ስምም ከረዥም ክርክር በኋላ በሙዚየሙ ስም ላይ ተጨመረ። ፍርዱ ለሁለቱም ወገን ቦታ የሰጠ ይመስላል፤ ሰብሳቢው ባይኖር ኖሮ ስብስብ አይኖርም ነበርና፤ ሠራተኛው ባይኖር ደግሞ የሚሰበሰበውም፣ የሚታደሰውም፣ መግዣውን ገንዘብ ያስገኘው ክርም አይኖርም ነበር።

ያልታደሱት

ለዚህ ታሪክ አንድ ጭራ አለው። በማልመርስፓክ ሳይታደሱ የቀሩ ስድሳ ያህል መኪናዎች በፍርድ ቤት ውሳኔ ለፍሪትዝ ባለቤት ተመልሰው ነበር። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ገዛቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በኦክስናርድ በነበረውና በ2024 በተዘጋው ሙዚየሙ ውስጥ ከነአቧራቸው፣ ከነዝገታቸው፣ ከተቀደደ ወንበራቸው ጋር ለሕዝብ ቀርበው ነበር። ይህ አቀራረብ ከቸልተኝነት የመጣ አልነበረም። የታደሰ መኪና ያምራል፤ ነገር ግን በሚታጠበው ቀለም ሥር የመጀመሪያው ሠራተኛ ብሩሽ፣ በሚጣለው ቆዳ ላይ የመጀመሪያው ተቀማጭ ክርን ምልክት አብሮ ይጠፋል። በ2013 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተቀበለው የቶሪኖ ቻርተር ይህን አስተሳሰብ መመሪያ አድርጎታል። በተቻለ መጠን ያለው ይጠበቅ፤ የሚነካው የግድ ሲሆን ብቻ ይነካ፤ የተለወጠው ሁሉ ይመዝገብ ይላል።

እንግዲህ የማደስ ጥበብ ሁለት ታማኝነት ይጠይቃል። አንዱ ለዕቃው ነው፤ ይኸውም ያልነበረውን ነበር ብሎ አለመዋሸት ነው። ሁለተኛው ለሠሩት እጆች ነው፤ ይኸውም የሞልሴሙን ቀጥቃጭና የሙሉዙን አናጢ ከባለቤቱ ስም ኋላ አለመደበቅ ነው። አሮጌ መኪና በግል ገንዘብ ሊገዛ፣ በግል ጋራዥ ሊቀመጥ ይችላል፤ በዚህ ነውር የለም። በውስጡ የተቀመጠው ጥበብ ግን ከአንድ ሰው ዕድሜና ከአንድ ሰው ኪስ ይሰፋል። ዛሬ በሙሉዝ አዳራሽ የሚመላለስ ተማሪ በዝሆኑ ምልክት ፊት ሲቆም የሚያየው የነገሥታትን ሕልም ብቻ አይደለም። ጠበቅ አድርጎ ካስተዋለ ያንን ብረት የቀጠቀጠውንም፣ ያደሰውንም፣ በቁጣ ቀን ሊያቃጥለው ሲችል ያቆየውንም ሰው አብሮ ያያል።