የኬፕ ልሳነ ምድር የእግር ጉዞ፣ የሩጫና የብስክሌት መንገዶች

የኬፕ ልሳነ ምድር መንገዶች በደቡብ አፍሪካ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኬፕ ታውን ከተማና በአካባቢዋ፣ በተራራና በባሕር መካከል የተዘረጉ የእግር ጉዞ፣ የሩጫና የብስክሌት መንገዶች ናቸው። ልሳነ ምድሩ ከኬፕ ታውን መሃል ተነስቶ ወደ ደቡብ እስከ ኬፕ ፖይንት ድረስ 50 ኪ.ሜ. ገደማ ይረዝማል። በምዕራብ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ ደግሞ ፎልስ ቤይ የተባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ያዋስኑታል። በዓለም የታወቁት የቱ ኦሽንስ ማራቶን (የሁለቱ ውቅያኖሶች ማራቶን) እና የኬፕ ታውን ሳይክል ቱር በየዓመቱ የሚካሄዱት በእነዚህ መንገዶች ላይ ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መልክዓ ምድርና የአየር ጠባይ

ልሳነ ምድሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጥ የተራሮች ሰንሰለት አለ። ከእነዚህ ከፍተኛው ቴብል ማውንቴን (የጠረጴዛ ተራራ) ሲሆን፣ ማክሊርስ ቢከን የተባለው ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,086 ሜትር ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ዳገቱ የሚጀምረው ከባሕሩ አጠገብ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መንገዱን ቀላል ነው ብሎ መገመት ያሳስታል።

በኢትዮጵያ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ በኬፕ ታውንም ዝናብና ብርድ ይሆናል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ያሉት ወራት ደረቅና ሞቃት ናቸው። በዚህ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል፤ የከተማውን የቆሸሸ አየር ጠርጎ ስለሚወስድ የአገሩ ሰዎች «ኬፕ ዶክተር» ይሉታል። ነፋሱ ከባሕር ያመጣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ደመና ይለወጣል። ይህ ደመና የተራራውን ጠፍጣፋ አናት እንደ ጠረጴዛ ልብስ ይሸፍነዋል። ከታች ለሚያየው ውብ ቢሆንም፣ ከላይ ላለው መንገደኛ ግን በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱን የሚሰውር ጉም ነው።

አብዛኛው ተራራማ ክፍል በ1998 በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ፓርኩ የቴብል ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ የሚለውን ስም ያገኘው በ2004 ነው። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ የኬፕን የዕፅዋት ክልል በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ፌይንቦስ በተባለው ቁጥቋጦ በተሸፈነው በዚህ ልሳነ ምድር ብቻ ከ2,200 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች ይገኛሉ።

የእግር ጉዞ መንገዶች

• ፕላትክሊፕ ጎርጅ፦ ወደ ቴብል ማውንቴን አናት የሚወስድ ቀጥተኛ መንገድ ነው። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ አንቶኒዮ ደ ሳልዳኛ በ1503 ወደ ተራራው የወጣው በዚህ ሸለቆ በኩል እንደሆነ ይነገራል። መንገዱ በድንጋይ ደረጃ የተሠራ ስለሆነ ለመሳት አያመችም፤ ሆኖም ጥላ የለውም። በበጋ በማለዳ መጀመር ይመረጣል።

• ስኬለተን ጎርጅ፦ በ1913 ከተመሠረተው ከኪርስተንቦሽ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ይነሳል። ጥላ ባለው ደን ውስጥ አልፎ፣ በእንጨት መሰላሎችና በጅረት ድንጋዮች ላይ ይወጣል። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ለመውጣት እንጂ ለመውረድ አይመከርም።

• ላየንስ ሄድ (የአንበሳ ራስ)፦ 669 ሜትር ከፍታ ያለው ሾጣጣ ተራራ ነው። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣና፣ ከጫፉ አጠገብ በሰንሰለትና በብረት መርገጫዎች እየተያዘ የሚወጣ ገደል አለው። ከፍታ የሚፈሩ ሰዎች እዚያው ያለውን አማራጭ መንገድ መያዝ ይችላሉ። ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት ብዙ ሰው ይወጣዋል።

• የኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ጉዞ፦ በልሳነ ምድሩ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ፣ በሁለት ቀን የሚጠናቀቅ የ33.8 ኪ.ሜ. መንገድ ነው። በአቅራቢያው በኬፕ ፖይንት ሁለት የመብራት ማማዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው እጅግ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተሠራ ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈን ነበር። በ1911 ሉዚታኒያ የተባለች የፖርቱጋል መርከብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ከሰጠመች በኋላ፣ ዝቅ ያለው ሁለተኛው ማማ ተሠራ። ብዙዎች ይህን ቦታ የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ አድርገው ይቆጥሩታል፤ እውነተኛው ጫፍ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ የሚገኘው ኬፕ አጉላስ ነው።

ከ1929 ጀምሮ ወደ ቴብል ማውንቴን አናት በኬብል መኪና መውጣትም ይቻላል። ነፋስ ሲበረታ ግን አገልግሎቱ ይቋረጣል። በእግር ወጥቶ በኬብል መኪና ለመውረድ ያሰበ ሰው፣ በእግር ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ፣ ውኃና ጉልበት ሊኖረው ይገባል።

ቻፕማንስ ፒክ ድራይቭ

ይህ መንገድ ሃውት ቤይን ከኑርድሁክ ጋር የሚያገናኝ የ9 ኪ.ሜ. አስፋልት ሲሆን 114 ኩርባዎች አሉት። ከ1915 እስከ 1922 ድረስ ገደል ተፈልፍሎ ሲሠራ የእስረኞች ጉልበት ጥቅም ላይ ውሏል። በድንጋይ ናዳ የሰው ሕይወት በመጥፋቱ በ2000 ተዘጋ። የናዳ መያዣ መረቦችና ከፊል ዋሻ ከተሠሩለት በኋላ፣ በ2003 መጨረሻ መኪኖች የሚከፍሉበት መንገድ ሆኖ ተከፈተ። እግረኞችና ብስክሌተኞች አይከፍሉም። ናዳ በሚያሰጋበት ጊዜ፣ በተለይ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ አሁንም ይዘጋል።

ሩጫ

ለዕለታዊ ልምምድ በጣም የተለመደው በሲ ፖይንት ባሕሩን ተከትሎ የተዘረጋው ሜዳማ የእግረኛ መንገድ ነው።

ቱ ኦሽንስ ማራቶን በ1970 በ26 ሯጮች ተጀመረ። ርቀቱ 56 ኪ.ሜ. ስለሆነ ከማራቶን ይረዝማል። የመጀመሪያው ግማሽ በፎልስ ቤይ በኩል የሚያልፍ ሜዳ ነው። ከዚያ የቻፕማንስ ፒክ ዳገት ይመጣል። ሯጩ የማራቶንን ርቀት ከጨረሰ በኋላ፣ ጉልበቱ ባለቀበት ሰዓት፣ ከበድ ያለው የኮንስታንሺያ ኔክ ዳገት ይጠብቀዋል። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሯጮች በይፋ እንዲሳተፉ የተፈቀደው በ1975 ነው። በቀጣዩ ዓመት የሌሶቶው ተወላጅ ጋባሻኔ ቪንሰንት ራካባኤሌ ውድድሩን አሸነፈ።

የኬፕ ታውን ማራቶን መደበኛው የ42.195 ኪ.ሜ. ውድድር ሲሆን ኢትዮጵያውያን አትሌቶች ጥሩ ውጤት ያስመዘገቡበት ነው። በ2023 አዳነ ከበደ በወንዶች፣ ፅጌ ኃይለሥላሴ በሴቶች አሸንፈዋል። በ2024 ደግሞ አብዲሳ ቶላ በወንዶች አሸናፊ ሆኗል። የ2025ቱ ውድድር ሌሊቱን የነፈሰው ብርቱ ነፋስ የመነሻ ስፍራውን ስለጎዳው በዕለቱ ጠዋት ተሰርዟል።

ብስክሌት

የኬፕ ታውን ሳይክል ቱር መነሻው ውድድር ሳይሆን ሰልፍ ነበር። በ1977 ቢል ማይልሪያና ጆን ስቴግማን፣ ለብስክሌተኞች የተለየ መንገድ እንዲሠራ ለመጠየቅ በርካታ ብስክሌተኞችን አሰለፉ። በቀጣዩ ዓመት በ525 ተሳታፊዎች የመጀመሪያው ውድድር ተካሄደ። ዛሬ በመጋቢት ወር የሚካሄድ ሲሆን እስከ 35,000 የሚደርሱ ሰዎችን ያሳትፋል።

የተለመደው መስመር 109 ኪ.ሜ. ነው። ከከተማው ተነስቶ በሙይዘንበርግና በሳይመንስ ታውን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ተሻግሮ በቻፕማንስ ፒክ ይመለሳል። ከሃውት ቤይ በኋላ ያለው የሱይከርቦሲ ዳገት ብዙዎችን ከብስክሌት አስወርዶ በእግር ያስገፋል። በ2015 በሰደድ እሳት ምክንያት መስመሩ ወደ 47 ኪ.ሜ. አጥሮ ነበር። በ2017 ደግሞ ነፋሱ ብስክሌተኞችን ስለጣለ ውድድሩ ተቋርጧል።

አደጋና ጥንቃቄ

በተራራው ላይ በየዓመቱ ሰዎች መንገድ ይስታሉ፣ ይወድቃሉ፣ አንዳንዶችም ሕይወታቸውን ያጣሉ። በአንዳንድ መንገዶች ላይ ዝርፊያም ያጋጥማል። ስለዚህ የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• ብቻን አለመሄድ፤ በቡድን፣ ቢቻል አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መጓዝ።
• የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሌላ ሰው መንገር።
• ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ውኃ፣ የነፋስ መከላከያ ልብስና ባትሪው የሞላ ስልክ መያዝ።
• ጉም ሲወርድ በማያውቁት ሸለቆ ለመውረድ አለመሞከር፤ በመጡበት መንገድ መመለስ፣ ካልታየም ባሉበት መቆየት።
• ዝንጀሮዎችን አለመመገብና ምግብ አለማሳየት። ከሰው ምግብ የለመደ ዝንጀሮ ደፋር ይሆናል፤ በመጨረሻም ሊገደል ይችላል።
• በደረቁ ወቅት እሳት አለማንደድና ሲጋራ አለመጣል። በሚያዝያ 2021 ከተራራው ሥር የተነሳው እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ አውድሞ፣ ስለ አፍሪካ የተሰበሰቡ በርካታ መጻሕፍትን አጥፍቷል።