ጅንባር ፏፏቴ፡ በአጭር ዳገት የሚደረስበት የሰሜን ተራሮች ገጽታ

በአማራ ክልል በሰሜን ጎንደር ዞን በሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የጎብኚን ዓይን ከሚስቡ የተፈጥሮ ገጽታዎች አንዱ የጅንባር ፏፏቴ ነው፡፡ የጅንባር ወንዝ ከግጭ አምባ ተነሥቶ 500 ሜትር ያህል ወደሚወርደው ገደል ሲወረወር ፏፏቴውን ይፈጥራል፡፡

ጎብኚው ከደባርቅ ከተማ ተነሥቶ የሳንቃበርን ካምፕ ካለፈ በኋላ ከተሽከርካሪ ይወርዳል፡፡ የእግር መንገዱ በአስታ ዛፎች መካከል አልፎ ከፏፏቴው ትይዩ ካለው የገደል አፋፍ ያደርሳል፡፡ ርቀቱ አጭር ቢሆንም ቁልቁለቱና ዳገቱ ብርቱ ነው፡፡ ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳስቷል፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጎንደር ገብቶ በማግስቱ ዳገቱን የሚጀምር እንግዳ ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል መፎካከሩን ትቶ ቀስ ብሎ ቢራመድ ይበጀዋል፡፡ አፋፉ ድንገት የሚቋረጥ በመሆኑም ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ጫፉ መጠጋት አደገኛ ነው፡፡

ፏፏቴው ሙሉ ግርማውን የሚያሳየው በክረምቱ ማብቂያ፣ በተለይም በመስከረምና በጥቅምት ነው፡፡ በበጋ ውኃው ይቀጥናል፡፡ ለዚህ ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማቆም ቢሆንም የአምባው ይዞታም ድርሻ አለው፤ የጓሳ ሣር የለበሰ አፈር የክረምቱን ውኃ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ በከብት የተረገጠና የተራቆተ መሬት ግን ጎርፉን በአንድ ጊዜ ይሰደዋል፡፡

ከመጠን ያለፈ ግጦሽና እርሻ ከዋልያ ቁጥር መመናመን ጋር ተዳምሮ፣ በ1978 እ.ኤ.አ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በ1996 እ.ኤ.አ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ እንዲገባ አድርጎታል፡፡ ከመዝገቡ የወጣው ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች በ2016 እ.ኤ.አ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ ነው፡፡ ለአምባው ማገገም የተከፈለው ዋጋ የእነዚህ ቤተሰቦች ቀዬና እርሻ እንደሆነ ሊዘነጋ አይገባም፡፡ በ2019 እ.ኤ.አ የተነሣው ሰደድ እሳት ደግሞ የፓርኩን ሣርና የአስታ ደን በከፊል አውድሟል፡፡

ወደ ፓርኩ የሚገቡ ጎብኚዎች አስቀድመው በደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አውጥተው ከስካውት ጋር ይጓዛሉ፡፡ የማለዳ ጉዞ ይመረጣል፤ ከቀትር በኋላ ከቆላው የሚነሣው ጭጋግ ገደሉን ይሸፍነዋልና፡፡