የአክሲዮን ዋጋ አቅጣጫ ሲቀየር፦ ምልክቶቹና ገደባቸው

ሲወጣ የቆየ ዋጋ አንድ ቀን መውረድ ይጀምራል፤ ሲወርድ የቆየም አንድ ቀን ይነሳል። ያ ቀን ሲደርስ ግን ማንም ደውሎ አይነግረንም። ቀድሞ የሸጠ ትርፉ ያመልጠዋል፤ ዘግይቶ የሸጠ ደግሞ ያተረፈውን መልሶ ያስረክባል።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የጥቂት ባለሀብቶች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በቴሌግራም «ገበያው ሊገለበጥ ነው፣ አሁኑኑ ግዙ» የሚሉ መልእክቶች በየስልካችን ይመጣሉ። በዓረብ ሀገር ለዓመታት ለፍተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በእንዲህ ዓይነት መልእክት ላይ ለማዋል የሚያስቡ ወንድሞችና እህቶችም አሉ። ስለዚህ የአዝማሚያ መቀልበስ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ምልክቱ መቼ እንደሚያሳስትና ከሸሪዓ አንጻር ገደቡ የት እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቴክኒክ ትንታኔ ምንድን ነው?

አንድን አክሲዮን ለመመዘን ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ድርጅቱን መመርመር ነው፤ ትርፉን፣ ዕዳውን፣ አመራሩን። ሁለተኛው ያለፈውን የዋጋ እንቅስቃሴና የግብይት መጠን በቻርት ላይ አስቀምጦ የገዢንና የሻጭን ጉልበት ማነጻጸር ነው። የቴክኒክ ትንታኔ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

በምዕራቡ ዓለም የዚህ ሐሳብ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ቻርለስ ዳው ነው። በ1889 ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በ1896 የ12 ድርጅቶችን አክሲዮን የያዘውን የዳው ጆንስ የኢንዱስትሪ አማካይ አስተዋውቋል። በጋዜጣው ላይ የጻፋቸው ርዕሰ አንቀጾች ከሞቱ በኋላ በሌሎች ተሰብስበው «የዳው ንድፈ ሐሳብ» የሚል ስም አገኙ። በጃፓን ደግሞ የኦሳካ የሩዝ ገበያ ነበር። የሻማ ቻርት አጀማመር በተለምዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የሩዝ ነጋዴ ከሆማ ሙኔሂሳ ጋር ይያያዛል። ይህን የጃፓኖች ዘዴ ለምዕራባውያን በሰፊው ያስተዋወቀው ስቲቭ ኒሰን በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

እረፍት ነው ወይስ መቀልበስ?

ወደ ላይ የሚሄድ ዋጋ እንደ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ካለፈው ጫፍ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ዝቅታም ካለፈው ዝቅታ ይበልጣል። ወደ ታች የሚሄደው የዚህ ተቃራኒ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ አክሲዮን ከ100 ብር ተነስቶ 120 ደረሰ እንበል። ከዚያ ወደ 110 ወረደ፤ መልሶ 135 ገባ፤ ከዚያም ወደ 124 ዝቅ አለ። እስካሁን አዝማሚያው ወደ ላይ ነው። ከ120 ወደ 110፣ ከ135 ወደ 124 የወረደው ጊዜያዊ እረፍት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዝቅታዎች ካለፈው ዝቅታ በላይ ናቸው። ቀጥሎ ዋጋው ተነሳና 133 ላይ ቆመ እንበል። 135ን መሻገር አልቻለም፤ ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ወርዶ ከ124 በታች ከዘጋ ደረጃው ተሰብሯል፤ መቀልበሱ ተረጋገጠ የምንለው ያኔ ነው።

በማስጠንቀቂያና በማረጋገጫ መካከል ያለው ይህ ልዩነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ማስጠንቀቂያ ብቻ ናቸው። ማስጠንቀቂያን እንደ ማረጋገጫ የወሰደ ሰው እረፍቱን ሁሉ መቀልበስ እያለ ይወጣል፤ ይገባል፤ በመሃል ኮሚሽን እየከፈለ ገንዘቡ ያልቃል።

ዋና ዋና ምልክቶች

ድጋፍና ተቃውሞ፦ ዋጋው በተደጋጋሚ ወርዶ የሚነሳበት ደረጃ ድጋፍ ይባላል፤ በዚያ ዋጋ ገዢዎች ይበዛሉ። በተደጋጋሚ ወጥቶ የሚመለስበት ደግሞ ተቃውሞ ይባላል። የተሰበረ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ወደ ተቃውሞ ይለወጣል፤ በዚያ ዋጋ ገዝተው የከሰሩ ሰዎች «ባወጣሁት ይመለስልኝ» ብለው እዚያው ለመሸጥ ይጠብቃሉና።

ድርብ ጫፍ፦ ዋጋው ሁለት ጊዜ ወደ ተቀራራቢ ከፍታ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ሲመለስ ነው። ቅርጹ የተሟላ የሚባለው በሁለቱ ጫፎች መካከል ካለው ዝቅታ በታች ሲዘጋ ብቻ ነው። ተገልብጦ ሲታይ ድርብ ወለል ይሆናል፤ ከውድቀት በኋላ የመነሳት ምልክት ነው።

ራስና ትከሻ፦ ሦስት ጫፎች አሉት፤ መካከለኛው ከሁለቱ ከፍ ያለ ነው። በጫፎቹ መካከል ያሉትን ሁለት ዝቅታዎች የሚያገናኘው መስመር የአንገት መስመር ይባላል። ዋጋው ከዚህ መስመር በታች እስኪዘጋ ድረስ ቅርጹ ግምት ብቻ ነው። ነጋዴዎች ከራሱ ጫፍ እስከ አንገት መስመሩ ያለውን ርቀት ለክተው ዋጋው ከመስመሩ በታች ያንኑ ያህል ሊወርድ እንደሚችል ያሰላሉ።

የሻማ ምልክቶች፦ እያንዳንዱ ሻማ የአንድን ጊዜ፣ ለምሳሌ የአንድን ቀን፣ አራት ዋጋዎች ያሳያል፤ መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ። ወፍራሙ አካል በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል ያለው ነው፤ ቀጫጭኖቹ ክሮች ጽንፎቹን ያሳያሉ። ከረጅም ውድቀት በኋላ ትንሽ አካልና ረጅም የታች ክር ያለው ሻማ መዶሻ ይባላል፤ ሻጮች ዋጋውን አውርደውት ገዢዎች መልሰው እንዳነሱት ይናገራል። የዛሬው ሻማ አካል የትናንቱን ተቃራኒ አካል ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ዋጪ ሻማ ይባላል። አንድ ሻማ ግን የአንድ ቀን ወሬ ነው፤ ቀጣዩ ቀን ካላጸናው ዋጋ የለውም።

ተንቀሳቃሽ አማካይ፦ ያለፉት 50 ወይም 200 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይ በየቀኑ እየታደሰ ሲሰመር ነው። የ50 ቀኑ መስመር የ200 ቀኑን ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጥ «ወርቃማ መስቀለኛ»፣ ከላይ ወደ ታች ሲያቋርጥ «የሞት መስቀለኛ» ይሉታል። ስሙ ያስፈራል፤ ሥራው ግን ያለፈውን ማጠቃለል ብቻ ነው።

አር.ኤስ.አይ፦ ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያቀረበው መለኪያ ሲሆን ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ባለፉት 14 ቀናት የታየውን አማካይ ጭማሪ ከአማካይ ቅናሽ ጋር ያወዳድራል። አማካይ ጭማሪው 2 ብር፣ አማካይ ቅናሹ 1 ብር ከሆነ ውጤቱ ወደ 67 ይጠጋል። ከ70 በላይ ሲሆን ከልክ በላይ ተገዝቷል፣ ከ30 በታች ሲሆን ከልክ በላይ ተሸጧል ይባላል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጠንካራ አዝማሚያ ውስጥ መለኪያው ለሳምንታት ከ70 በላይ ሊቆይ ይችላል። የበለጠ ጠቃሚው ልዩነት የሚባለው ነው፤ ዋጋው አዲስ ጫፍ ሲነካ መለኪያው ካለፈው ጫፉ ዝቅ ብሎ ከቀረ ጉልበቱ እየደከመ ነው።

የግብይት መጠን፦ አንድ ደረጃ ሲሰበር የተገበያየው አክሲዮን ብዙ ከሆነ ለውጡ ብዙ ሰው የተሳተፈበት ነው። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ግን የጥቂቶች ግፊት ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ የሚዘገይበትና የሚያሳስትበት ጊዜ

ምልክቶቹ ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ለማየት በአሜሪካ ገበያ ከተመዘገበው ሦስት አጋጣሚዎችን እንውሰድ።

መጀመሪያ የሠራበትን። 500 ትልልቅ ድርጅቶችን የሚከታተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኖቬምበር 20 ቀን 2008 በ752 ነጥብ ዘጋ። ማርች 9 ቀን 2009 ከዚያም ወርዶ በ676 ዘጋ። ይሁን እንጂ በማርች አዲስ ዝቅታ የነኩት አክሲዮኖች ቁጥር በ2008 ውድቀት ከታየው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ዋጋው ወርዷል፤ የሻጮች ጉልበት ግን ደክሟል። ከዚያ ቀን በኋላ ለዓመታት የዘለቀ ዕድገት ተጀመረ።

ቀጥሎ የዘገየበትን። ይኸው መለኪያ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 በ3,386 ነጥብ ከዘጋ በኋላ በኮሮና ድንጋጤ ማርች 23 ቀን 2,237 ላይ ደረሰ፤ በአምስት ሳምንት ገደማ ሲሶውን አጣ። «የሞት መስቀለኛው» የታየው በማርች መጨረሻ ነው፤ ማለትም ገበያው ወለሉን ከነካ በኋላ። «ወርቃማ መስቀለኛው» ደግሞ የመጣው በጁላይ፣ ዋጋው ከወለሉ 40 በመቶ ገደማ ከተነሳ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ምልክት የሸጠ ሰው የሸጠው ከታች ነው፤ በሁለተኛው የገዛ ደግሞ የገዛው ወደ ላይ ርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ያሳሳተበትን። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሚበዙበት ናስዳክ በማርች 2000 ከ5,000 ነጥብ በላይ ወጥቶ መውደቅ ጀመረ። በሴፕቴምበር 2001 ወደ 1,423 ወርዶ ተነሳ፤ በጃንዋሪ 2002 መጀመሪያ 2,059 ገባ። ከ40 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ብዙዎች ክፉው ጊዜ አለፈ ብለው አመኑ። ናስዳክ ግን እንደገና ወርዶ በኦክቶበር 2002 በ1,114 ዘጋ።

ከሦስቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ምልክት የዕድል ሚዛንን ይናገራል እንጂ ነገን አይናገርም። ስለዚህ ከመግባታችን በፊት «ከተሳሳትኩ የት ላይ እወጣለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረን ይገባል።

ስህተትን አስቀድሞ መለካት

አንድ ሰው 100,000 ብር አለው እንበል፤ በአንድ ግዢ ከ1 በመቶ፣ ማለትም ከ1,000 ብር በላይ ላለመክሰር ወስኗል። ድርብ ወለል የሠራ አክሲዮን በ58 ብር ሊገዛ አሰበ፤ ዋጋው ወደ 50 ከወረደ ግምቱ ስህተት ነበር ማለት ነው። በአንድ አክሲዮን የሚከስረው 8 ብር ነው። 1,000 ለ8 ሲካፈል 125 ይሆናል። ስለዚህ የሚገዛው 125 አክሲዮን፣ በ7,250 ብር ነው። ዋጋው 50 ሲደርስ ይሸጣል፤ አይከራከርም። ዋጋው ከ50 በታች ዘሎ ሊከፍት ስለሚችል ኪሳራው ከታሰበው መብለጡ አይቀርም ማለት ባይቻልም፣ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ይህ ሒሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ስሌት ያሳያል። 10 በመቶ የከሰረ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 11 በመቶ ገደማ ማትረፍ በቂው ነው። 50 በመቶ የከሰረ ግን 100 በመቶ ማትረፍ አለበት።

ከሸሪዓ አንጻር

«ቻርት ማንበብ ጥንቆላ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የሩቁን ምስጢር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ያለፈን መረጃ አይቶ የመሆን ዕድልን መገመት ግን ገበሬ ደመና አይቶ እህሉን እንደሚሰበስበው ነው። ጥፋቱ «በእርግጠኝነት ይሆናል» ማለቱ ላይ ነው። ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሹት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የምንገዛው ምንድን ነው? የድርጅቱ ዋና ሥራ ሐላል መሆን አለበት። ሥራው ሐላል ሆኖ በወለድ የሚነካካ ድርጅትን በተመለከተ ዑለማዎች ይለያያሉ። ከናካቴው የከለከሉ አሉ። በባህሬን የሚገኘው የእስላማዊ ፋይናንስ የሒሳብና ኦዲት ድርጅት፣ በምሕጻረ ቃሉ አዮፊ፣ በመመዘኛ ቁጥር 21 በገደብ ፈቅዷል፤ በወለድ የተወሰደ ብድርም ሆነ በወለድ የተቀመጠ ገንዘብ እያንዳንዱ ከድርጅቱ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሐራም ገቢው ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ እንዳያልፍ፤ ያም ድርሻ ተለይቶ ከትርፉ እንዲወጣ።

ሁለተኛ፣ በማን ገንዘብ ነው የምንገዛው? ከደላላው በወለድ ተበድሮ መግዛት ሪባ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጅዳ ላይ ባካሄደው 7ኛ ጉባኤው ይህን ከልክሏል።

ሦስተኛ፣ የእኛ ያልሆነውን እየሸጥን ነው ወይ? ዋጋ ይወርዳል ብሎ የተዋሱትን ወይም የሌላቸውን አክሲዮን መሸጥ በብዙ ገበያዎች የተለመደ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው እጁ ላይ የሌለውን እንዳይሸጥ መከልከላቸው በሐዲስ ተላልፏል፤ አካዳሚውም በዚያው ውሳኔው ሻጩ ያልያዘውን አክሲዮን መሸጥ አይፈቀድም ብሏል። ስለዚህ ወደ ታች የመቀልበስ ምልክት ለእኛ አንድ ጥቅም ብቻ አለው፤ የያዝነውን ሸጠን እንድንወጣ ያስጠነቅቀናል።

በሀገራችንስ?

የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2021 ወጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ደግሞ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። የባንክ አክሲዮን ሲቀርብ ቻርቱን ከማየታችን በፊት የወለዱ ጥያቄ ይቀድማል። በተጨማሪም የቴክኒክ ትንታኔ የሚሠራው ብዙ ገዢና ብዙ ሻጭ በየቀኑ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ግብይቱ ጥቂት በሆነበት ገበያ የአንድ ሰው ትዕዛዝ ዋጋውን ሊያነሳው ወይም ሊጥለው ይችላል፤ ያኔ በቻርቱ ላይ የምናየው መዶሻም ሆነ ድርብ ወለል የገበያውን ስሜት አያሳይም። በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ የድርጅቱን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ይሻላል።

ስለዚህ «ይገለበጣል» የሚል መልእክት ሲደርሰን አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ የተረጋገጠ? የግብይት መጠኑ ይደግፈዋል? ግምቱ ቢከሽፍ የት ላይ፣ በስንት ብር ኪሳራ እንወጣለን? አክሲዮኑና አገዛዙስ ሐላል ነው? መልእክቱን የላከው ሰው ለአራቱም መልስ ከሌለው ገንዘባችን ባለበት ይቆይ። ወላሁ አዕለም።