ኤንትሬ በለገዳዲ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1927 ፎርድ ሞዴል ቲን አቁሞ ሞዴል ኤን እስኪያወጣ ድረስ ሼቭሮሌት የአሜሪካን ገበያ ነጠቀው። እዚያ ዳኛው የገዢው ምርጫ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ለረጅም ጊዜ የፈረደው ዳገቱ ነው ባይ ነኝ። ከአዲስ አበባ በለገዳዲና በሰንዳፋ አልፎ ወደ ደሴና አሰብ የሚያመራው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የሱሉልታውም እንጦጦን ሳይሻገር ጎጃም አይደርስም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህልና ከዚያም በላይ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል። ፊያት 682 ኤን 3፣ በሾፌሮች አጠራር ኤንትሬ፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ፈጣን አልነበረም (ማንም ፈጣን ነው ብሎ አልገዛውም)፤ ጭነት ይዞ ግን ዳገቱን ይጨርሳል።

ፊያትን ያነገሠው የጣሊያን ወረራ ነው የሚል ይኖራል። መንገዱና መካኒኩ ውለታ መዋላቸው አይካድም። ነገር ግን ወረራው እ.ኤ.አ. በ1941 አብቅቷል፤ ኤንትሬ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ውርስ ብቻ ቢበቃ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የጣሊያን መኪኖችን አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ ሳለ የቻይናው ሲኖትራክ መንገዱን ባልሞላው ነበር። ቱርቦ የከፍታውን ችግር ስላቃለለ ፉክክሩ ወደ ዋጋ ዞረ፤ በዋጋ ደግሞ ጣሊያን ከቻይና ጋር አይገጥምም።